የአንድ ወታደር የደብዳቤ ጥቅል፦ ልከፋፍለው ወይስ እንዳለ ላቆየው?

ጥያቄ (ጀማሪ ሰብሳቢ)

ሰላም ለሁላችሁ። ወታደሮች ከጦር ሜዳ ለቤተሰብ የላኳቸውን የድሮ ደብዳቤዎች መሰብሰብ ከጀመርኩ ብዙም አልቆየሁ። እስካሁን የነበሩኝ ነጠላ ነጠላ ሆነው የመጡ ናቸው፤ አንዱ ከሌላው አይገናኝም። በቅርቡ ግን ከጨረታ ሙሉ ጥቅል ደረሰኝ። አንድ የእንግሊዝ እግረኛ ወታደር በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከፈረንሳይ ግንባር ለእናቱና ለእህቱ የጻፋቸው ናቸው። ከ1916 እስከ 1918 ይሄዳሉ። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ማህተሞቹ ላይ ካለው ጋር እንዲገጥም።) ሰባ ያህል ይሆናሉ። አብዛኛው በእርሳስ ነው የተጻፈው።

የእጅ ጽሑፉ ስለሚያስቸግር ገና ሁሉንም አላነበብኩም። ያነበብኳቸው ግን ውስጤ ቀርተዋል። በአንዱ እህቱን ካልሲ ላኪልኝ፣ ሳሙና ግን አልፈልግም፣ ሞልቶኛል ይላታል። በሌላው ስለ ቤታቸው ውሻ ብቻ ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፏል። የት እንዳለና ምን እንዳየ አንድም ቃል የለም። ሁለት ሦስቱ ግን ከበድ ይላሉ። በተለይ ጓደኛው አጠገቡ ስለሞተበት ሌሊት የጻፈው አለ። አንብቤው ለረጅም ሰዓት ሌላ ነገር መሥራት አልቻልኩም።

አሁን የተቸገርኩት እንዲህ ነው። ቦታዬ ጠባብ ነው፤ ገንዘቤም እንደዚያው። ጠንካራዎቹን አስቀርቼ፣ ስለ ካልሲና ስለ ውሻ የሚያወሩትን ልሽጥ ወይ እያልኩ ነው። አንድ የፖስታ ታሪክ ሰብሳቢ ደግሞ ፖስታዎቹን ብቻ ሽጥልኝ፣ ውስጡ ያለው ወረቀት ለአንተ ይሁን ብሎኛል። ከእነዚህ ሌላ ምንም ያልተጻፈባቸው የታተሙ ካርዶች አሉ። ፊርማና ቀን ብቻ ነው ያላቸው። እነሱስ ምን ይሠሩልኛል? አንዳንዱ ደብዳቤ እጥፋቱ ላይ ተቀዷል፤ በስኮች ብይዘውስ? እስኪ ልምድ ያላችሁ ምከሩኝ።

መልስ (ወረቀት ጠጋኝ)

ወንድሜ፣ እባክህ አትበትነው። ይህን የምልህ የተቀደደና የሻገተ ወረቀት በመጠገን ብዙ ዘመን ያሳለፍኩ ሴት ስለሆንኩ ነው። እጄ ላይ ከገቡት ሁሉ የሚያሳዝኑኝ ውሃ የገባባቸው አይደሉም። የውሃ ጉዳት መላ አለው። የሚያሳዝኑኝ ሰው ያለያያቸው ናቸው።

ከፖስታዎቹ ልጀምር። የእንግሊዝ ወታደር ከግንባር ሲጽፍ ቴምብር አይለጥፍም ነበር። "በግዳጅ ላይ" ብሎ ይጽፍበትና በነፃ ይላካል። ስለዚህ ያ ሰብሳቢ የሚፈልገው ቴምብር አይደለም፤ ማህተሞቹን ነው። አንዱ የጦር ሜዳው ፖስታ ቤት ማህተም ነው፤ ቁጥርና ቀን አለው። ሌላው የሳንሱር ማህተም ነው፤ እሱም የራሱ ቁጥር አለው። የእሱን ፍላጎት አልነቅፍም፤ ማህተም ትልቅ ዕውቀት ነው። ነገር ግን አንተ ያለ እነዚያ ፖስታዎች ምን ይቀርሃል? ወታደሮች ደብዳቤ አናት ላይ ብዙ ጊዜ የሚጽፉት "ማክሰኞ ማታ" ወይም "እሁድ" ብቻ ነው። የትኛው ማክሰኞ? መልሱ ያለው ፖስታው ላይ ነው።

አንድ ጊዜ ፖስታዎቹ ቀድመው የተሸጡበት ጥቅል መጣልኝ። ልጁ ሁለት ጊዜ ቆስሏል። አንዱን ደብዳቤ ሲጽፍ ፈራ ተባ ይላል፤ በሌላው ደግሞ ስለ ቁስሉ እንደ ጉንፋን ነው የሚያወራው። ፍርሃቱ ቀድሞ ነው ድፍረት የመጣው? ወይስ ደፍሮ ነበር፣ ኋላ ነው የፈራው? የዚያ ሰው የውስጥ ታሪክ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቅደም ተከተሉን የሚነግረን ግን ጠፍቷል። ዛሬም ሲታወሰኝ ይቆጨኛል።

አሁን ወደ ካርዶቹ። የያዝካቸው የጦር ሜዳ አገልግሎት ካርድ የሚባሉት መሆን አለባቸው። "ደህና ነኝ"፣ "ሆስፒታል ገብቻለሁ"፣ "ደብዳቤያችሁ ደርሶኛል" የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች ታትመውባቸዋል። ወታደሩ የማይፈልገውን ይሰርዛል፤ ቀንና ፊርማ ያስቀምጣል። ሌላ አንድ ቃል ከጨመረ ካርዱ እንደሚወገድ እዚያው ላይ ታትሟል። ለዚህ ነው ባዶ የመሰሉህ። ግን አሰራረዙን በደንብ እየው። ገጣሚው ዊልፍሬድ ኦወን ከእናቱ ጋር በዚህ ካርድ ምስጢር ነበረው። "ወደ ኋላ ጣቢያ እየተላክሁ ነው" የሚለውን ዓረፍተ ነገር በሁለት መስመር ከሰረዘው፣ ግንባር ላይ ነኝ ማለቱ ነበር። አንድ መስመር ወይስ ሁለት? ያቺ እናት ካርዱን ስትቀበል መጀመሪያ የምታየው ይህን ነበር። የአንተም ሰው እንዲህ አድርጓል ማለቴ አይደለም። ካርዶቹን ከደብዳቤዎቹ ጋር በቀን ደርድራቸውና እይ። ረጅም ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ድንገት ለሳምንታት ካርድ ብቻ ከላከ፣ በዚያ ጊዜ ለመጻፍ ፋታ አልነበረውም ማለት ሊሆን ይችላል።

ስለ ካልሲውና ስለ ውሻው ደግሞ ይህን አስብ። የተራ ወታደር ደብዳቤ የሚመረመረው በሌላ አገር ባለ ቢሮ አልነበረም። የራሱ መኮንን ነበር የሚያነበው። ጠዋት ትእዛዝ የሚሰጥህ ሰው ማታ ለእናትህ የጻፍከውን ያነባል። እንደዚያ እያወቅህ ምን ትጽፋለህ? ስለ ውሻ ትጽፋለህ። በአንጻሩ ከ1915 ጀምሮ አረንጓዴ ፖስታ የሚባል ነበር። ወታደሩ "ውስጡ ያለው የግልና የቤተሰብ ጉዳይ ብቻ ነው" ብሎ በክብሩ ይፈርምበታል። ያን ጊዜ የራሱ መኮንን አያነበውም፤ ቢመረመር እንኳ ከኋላ ባለው ዋና ጣቢያ ነው። አረንጓዴው እንደልብ አይገኝም ነበር፤ በቁጥር ነበር የሚታደለው። እና እስኪ ሂድና እይ፦ ስለ ጓደኛው ሞት የጻፈው ደብዳቤ በየትኛው ፖስታ ነው የመጣው? በአረንጓዴው ከሆነ ሰውዬው ያንን ሁሉ ይዞ፣ ማንም የሚያውቀው ሰው የማያይበትን ዕድል ሲጠብቅ ቆይቶ ሊሆን ይችላል። ጠንካራው ደብዳቤ የሚገባህ ደካማ ያልካቸው አጠገቡ ሲሆኑ ነው።

ሌላም አለ። የእነዚህ ወታደሮች የአገልግሎት ማኅደር ለንደን ውስጥ በአንድ መጋዘን ነበር የተቀመጠው። በመስከረም 1940 በጀርመን የአየር ድብደባ ተቃጠለ። ከተራ ወታደሮቹ ማኅደር ከግማሽ በላይ ጠፍቷል። የአንተ ሰው ማኅደር ከጠፉት መካከል ከሆነ፣ እነዚህ ሰባ ደብዳቤዎች የሕይወቱ ብቸኛ መዝገብ ሊሆኑ ይችላሉ ማለት ነው። ሳሙና የማይፈልግበትን ቀን ጨምሮ።

አያያዙን በአጭሩ ልንገርህ። ስኮች በፍጹም። ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ይገባል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ለእኔም ለማንም አይመለስም። ላሚኔት ማድረግም ያው ነው። የተቀደደውን እንደተቀደደ ተወው፤ ለብቻው ንጹሕ ወረቀት መሃል አስቀምጠው። ክሊፕና ስፒል ካለ ቀስ ብለህ አውጣ፤ ዝገቱ ወረቀት ይበላል። እጥፋቱን ለመዘርጋት ብለህ እርጥበት አታስነካው፤ ይህን ደግሜ እላለሁ። በእርሳስ ነው ያልከው ተራ እርሳስ ላይሆን ይችላል። በዚያ ጦርነት ብዙ ወታደር ይጽፍ የነበረው በኮፒያ እርሳስ ነው። ደረቅ ሲሆን ግራጫ ይመስላል፤ ውሃ ሲነካው ሐምራዊ ሆኖ ይፈስሳል። አንድ የላብ ጠብታ ይበቃዋል። እጅህን ታጠብ፣ በደንብ አድርቅ፣ በባዶ እጅህ ያዝ። የጨርቅ ጓንት የወረቀቱን ጠርዝ እንዳይሰማህ ስለሚያደርግ ይቀድብሃል።

አሲድ የሌለው ፎልደርና ሳጥን ፈልግ። ፕላስቲክ ከተጠቀምክ ፖሊስተር ይሁን፤ ሽታ ያለው ለስላሳ ፕላስቲክ አደገኛ ነው። ጣሪያ ሥር፣ ምድር ቤት፣ መስኮት አጠገብ አታስቀምጥ። ሙቀትና እርጥበት ከሚዋዥቅበት ይልቅ በመጠኑ ቀዝቀዝ ብሎ የማይለዋወጥ ጨለማ ቦታ ይሻላል። ሰባ ደብዳቤ ከነፖስታው በአንድ መካከለኛ ሳጥን ይገባል፤ ስለ ቦታ አትጨነቅ።

መልስ (የእጅ ጽሑፍ አንባቢ)

ከላይ ባለው ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። እኔ ስለ ጠፋው ግማሽ ልጨምር።

አንተ ጋ ያለው የአንድ ወገን ጨዋታ ነው። እናቱና እህቱ የጻፉለት የት አለ? በዚያ ጦርነት ከአገር ቤት ወደ ግንባር በሳምንት እስከ 12 ሚሊዮን ደብዳቤ ይሄድ ነበር። ለዚህ ተብሎ ለንደን፣ ሪጀንትስ ፓርክ ውስጥ ግዙፍ የእንጨት አዳራሽ ተሠርቶ ነበር። ደብዳቤው ምሽግ ለመድረስ ሁለት ቀን ገደማ ይበቃው ነበር። ከዚያ ሁሉ የተረፈው ጥቂት ነው። ወታደር ንብረቱን በጀርባው ነው የሚሸከመው። ጭቃ አለ፣ ዝናብ አለ። አንብቦ ያቃጥላል ወይም ይጥላል። ቤት የደረሰው ግን መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ለዚህ ነው ሰብሳቢዎች እጅ የሚገባው አብዛኛው ከወታደሩ የተላከው ብቻ የሚሆነው።

ግን የጠፋው ግማሽ በከፊል ይመለሳል። "የ4ኛው ቀን ደብዳቤሽ ደረሰኝ"፣ "ስለ ጥርስሽ አዝናለሁ"፣ "ለአክስቴ አመስግኚልኝ" የሚል መስመር ባገኘህ ቁጥር ለብቻ ጻፈው። በአንድ በኩል እሱ የጻፈበት ቀን፣ በሌላ በኩል የሚመልስለት ደብዳቤ ቀንና ጉዳይ። ጥቂት ገጽ ከሠራህ በኋላ የእህቱ ድምፅ መሰማት ይጀምራል። ስለ ምን እንደምትጨነቅ፣ ምን እንደምትደብቀው ታውቃለህ። እነዚህ መስመሮች ደግሞ የሚገኙት አንተ ልትሸጣቸው ባሰብካቸው የካልሲና የሳሙና ደብዳቤዎች ውስጥ ነው። ስለ ጓደኛው ሞት ሲጽፍ ማንም ስለ ጥርስ አያነሳም።

ይህ መልስ የመጠበቅ ነገር ከወታደር ጋር የኖረ ነው። ከ1,800 ዓመት ገደማ በፊት አውሬሊዩስ ፖሊዮን የሚባል ግብፃዊ በሮም ጦር ውስጥ ገብቶ ዛሬ ሃንጋሪ ባለችበት አካባቢ ሰፍሮ ነበር። በግሪክኛ በፓፒረስ ለእናቱ፣ ለእህቱና ለወንድሙ ጻፈ። ስድስት ደብዳቤ ላክሁ፣ እናንተ ግን አልመለሳችሁም ይላል። ፈቃድ ካገኘሁ እመጣለሁ፣ ወንድማችሁ መሆኔን እንድታውቁ ይላል። ፓፒረሱ ግብፅ ውስጥ ቴብቱኒስ ከተባለ ጥንታዊ ከተማ በ1899 ተቆፍሮ ወጣ። ጽሑፉ በጣም ስለተጎዳ ተነቦ የታተመው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የተገኘው አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው። ሌሎቹን ለማንበብ ምን ያህል በሰጠሁ!

ስትገለብጥ የፊደል ስህተቱን አታርምለት። የማይነበበውን በግምት አትሙላ፤ ክፍት ተወውና የጥያቄ ምልክት አድርግበት። የደበዘዘ እርሳስ ካጋጠመህ መብራቱን ከጎን፣ ዝቅ አድርገህ አብራበት። የእርሳሱ ጫና የተወው ጎድጓዳ መስመር ይታያል።

መልስ (ማኅደር ቤት ውስጥ የሠራ)

እኔ ደግሞ ከገንዘቡ ጎን ልምጣ፤ ጠያቂው ችግሩን በግልጽ ተናግሯል። መሸጥ ኃጢአት አይደለም። ከሸጥክ ግን ጥቅሉን እንዳለ ሽጥ። ማቆየት ካልቻልክ ደግሞ ለማኅደር ቤት ስጥ። ለንደን ያለው የኢምፔሪያል ጦርነት ሙዚየም እንዲህ ያለውን የሚሰበስብ ቦታ ነው። ከመስጠትህ በፊት ግን ጻፍላቸው፤ ሁሉንም ነገር የሚቀበል ተቋም የለም።

አሜሪካዊው አንድሩ ካሮል የሠራውን ልጥቀስ። በ1989 የወላጆቹ ቤት ተቃጠለ፤ የቤተሰቡ ደብዳቤዎችም አብረው ሄዱ። ከዚያ አንድ ዘመዱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጻፈውን ደብዳቤ አሳየው። ካሮል ሊመልስለት ሲል ዘመዱ "ያዘው፣ እኔ ልጥለው ነበር" አለው። ይህች "ልጥለው ነበር" ናት ሥራውን ያስጀመረችው። በ1998 በአንድ ታዋቂ የጋዜጣ አምድ ሕዝቡን የጦር ሜዳ ደብዳቤ ላኩልኝ ብሎ ጠየቀ። በከረጢት ነው የጎረፈለት። በኋላ ስብስቡን ካሊፎርኒያ ላለው ቻፕማን ዩኒቨርሲቲ ሰጠ። እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው አንድ ነገር ነው፦ ቤት ይቃጠላል። ስለዚህ ዛሬውኑ ስካን አድርግ። በቀለም፣ ቢያንስ በ400 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ ነው)፣ ሁለቱንም ገጽ፣ ባዶ ጀርባውንም፣ ፖስታውንም። አንድ ቅጂ ከቤት ውጭ ይቀመጥ።

ልታሳትመው ወይም ኢንተርኔት ላይ ልትለቀው ካሰብክ ደግሞ ልብ በል። ወረቀቱ የአንተ ነው፤ ቃሉ ግን የጸሐፊው ወራሾች ነው። በእንግሊዝ ሕግ ያልታተሙ የድሮ ደብዳቤዎች፣ ጸሐፊው ከሞተ መቶ ዓመት ቢያልፈው እንኳ፣ ብዙዎቹ እስከ 2039 መጨረሻ የቅጂ መብት አላቸው። ቤተሰቡን ለመፈለግ ሞክር። መብት ብቻ አይደለም፤ የልጅ ልጁ ይህን አላየ ይሆናል።

መልስ (ሌላ አባል)

ስለ ሳንሱር አንድ ነገር። ሁልጊዜ አጥፊ ብቻ አልነበረም። በዚያው ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ የተዋጉ የሕንድ ወታደሮች ደብዳቤ ዋናው ቅጂ በአብዛኛው ጠፍቷል። ብዙዎቹ ማንበብና መጻፍ ስለማይችሉ ለጸሐፊ እየነገሩ ነበር የሚያስጽፉት። ዛሬ ድምፃቸውን የምንሰማው የሳንሱር ቢሮው እየተረጎመ ለአለቆች ሪፖርት ያደርግ ስለነበር ነው። ሪፖርቶቹ ብሪቲሽ ላይብረሪ አሉ። ወታደሮቹ ግን እንደሚነበቡ ያውቁ ነበር። "ጥቁሩ በርበሬ አልቋል፣ አሁን ቀዩን እያመጡ ነው" ዓይነት ቃል ይልካሉ። ጥቁሩ ሕንዳዊው፣ ቀዩ እንግሊዛዊው ወታደር መሆኑ ነው። ሳንሱሩም ገብቶት መዝግቦታል። ስለዚህ ስለ ውሻው የተጻፉትን ሁለት ገጾች ቀስ ብለህ አንብባቸው። ምናልባት ውሻ ብቻ ይሆናል፤ ይሁን።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፖስታዎቹን አልሸጥም ብዬ ለሰውዬው ነግሬዋለሁ። ደብዳቤዎቹንም አልከፋፍልም።

ወረቀት ጠጋኟ እንዳሉኝ ስለ ጓደኛው ሞት የጻፈውን ከነፖስታው አየሁት። አረንጓዴ አይደለም። ተራ ፖስታ ነው። ከታች በግራ በኩል በቀለም የተጻፈ የሌላ ሰው ፊርማ አለ፤ የሳንሱሩ ማህተም ቁጥርም ይነበባል። ደብዳቤው ላይ የተሰረዘ ወይም የተቆረጠ ምንም የለም። ይህ ምን ማለት ነው?

ወረቀት ጠጋኝ

ይህማ እኔ ካሰብኩት ይበልጣል። ፊርማው የመኮንኑ ነው። አንብቦ፣ ምንም ሳይነካ አሳልፎታል ማለት ነው። የሞተው ልጅ የእሱም ወታደር ሊሆን ይችላል።

ያንን ፊርማ ለማንበብ ሞክር፤ ለፍለጋው ጥሩ ቁልፍ ነው። ደብዳቤዎቹ ላይ የሻለቃው፣ ማለትም የጦር ክፍሉ፣ ስም ካለ፣ በእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት "ደብሊው ኦ 95" በሚባለው ምድብ የየሻለቃው የቀን ውሎ መዝገብ አለ። ብዙው ስካን ተደርጓል። መዝገቡ ተራ ወታደርን በስም የሚጠራው ከስንት አንዴ ነው። መኮንን ግን ሲመጣም፣ ሲቆስልም፣ ሲሞትም በስሙ ይጻፋል። ከፖስታው ቀን ጥቂት ቀን ወደ ኋላ ሄደህ አንብብ። የዚያን ሌሊት ቦታ ልታገኘው ትችላለህ። የሞተው ጓደኛ ስም ደብዳቤው ላይ ካለ ደግሞ በኮመንዌልዝ የጦርነት መቃብሮች ኮሚሽን የስም ዝርዝር ውስጥ ፈልገው፤ የሞተበት ቀንና ሻለቃው ተጽፎ ይገኛል። ሁለቱ ከተገናኙ ቀኑን እርግጠኛ ሆንክ ማለት ነው።

በነገራችን ላይ ቁጥር ስትሰጣቸው በለስላሳ እርሳስ፣ ከጀርባ፣ ጥግ ላይ፣ ሳትጫን ጻፍ። ደብዳቤውና ፖስታው አንድ ዓይነት ቁጥር ይኑራቸው። ከዚያ በፊት አንዱንም ከፖስታው አውጥተህ ለብቻ አታስቀምጥ።